ከብርማው ቅብ ሥር ያለው ቁጥር

ላሟ ፊቷን ወደ ግራ ማዞሯን እናቲቱ ያስተዋለችው ሕፃኗ ጡጦውን ከግማሽ በላይ ከጠጣች በኋላ ነበር።

በዱቄት ወተቱ ጣሳ ላይ የተሳለችውን ላም ስድስት ወር ሙሉ የምታውቃት ጆሮዋ ላይ ቢጫ አበባ ሰክታ ወደ ቀኝ ስትመለከት ነው። አሁን በተከፈተው ጣሳ ላይ ግን ያችው ላም ከነአበባዋ ወደ ግራ ዞራለች። እናቲቱ ጡጦውን ከልጇ አፍ መንጭቃ አወጣችው። ሕፃኗ ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ አገሳችና ሳቀች።

"ሳቂ አንቺ፤ ምን አለብሽ!" አለች እናት።

ይህች ሴት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የጨረሰች፣ ቤቷ የጸዳ፣ እጇ ለሥራ የፈጠነ ናት። አንድ ጠባይ ግን አለባት። ክፉ ነገር ገና መንገድ ሳይጀምር እሷ ወጥታ ትቀበለዋለች። ደመና ካየች ጎርፍ ነው፤ ስልክ ከጮኸ መርዶ ነው። "ኩፍኝ ቢሆንስ? ሌባ ቢሆንስ?" ማለት ስለምታበዛ ሰፈሩ "ቢሆንስ" የሚል ስም አውጥቶላታል፤ እሷም ለምዳዋለች። አሁንም በሐሳቧ ሐኪም ቤት ደርሳ፣ ወረፋ ይዛ፣ የሐኪሙን ፊት መጨማደድ ሁሉ አይታ ጨርሳለች። ጣሳውን በፌስታል፣ ንጹሑን ጡጦና የፈላ ውሃ የያዘውን ፔርሙስ በቦርሳ ከተተች። ልጇን አዘለችና ጣሳውን ወደ ገዛችበት ወደ ጋሼ ሚዛን ሱቅ ገሰገሰች።

ማተሚያ ቤቱ ጋ ስትታጠፍ ከአንዲት ወጣት ጋር ግንባር ለግንባር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈች።

"እትዬ ቢሆንስ! ማን እያባረረሽ ነው?"

የጎረቤቷ ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ በዚያው ማተሚያ ቤት የጣሳና የካርቶን ልጣፍ ትሠራለች። ጣቶቿ ከቀለም ነጽተው ስለማያውቁ ቀለሟ ይሏታል። እናቲቱ ነገሩን ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ቀለሟ ጣሳውን ተቀብላ አገላበጠችና የታችኛው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ በቢላዋ የተላጠ ትንሽ ቦታ አለ።

"ይሄን ማን ፋቀው?"

"ጋሼ ሚዛን ናቸዋ። ሲሸጡ ሁሌም ይፍቁታል። የልጆች ሎተሪ ነው ይላሉ።"

"ሎተሪ!" ቀለሟ ጭንቅላቷን ያዘች። "ይሄን እኮ እኛ ነን ያተምነው! ነይ፣ ምሳዬ ይቆየኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ጋሼ ሚዛን ባንኮኒያቸው ኋላ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በትንሽ ቢላዋ አንድ ጣሳ ይፍቁ ነበር። ሱቃቸውን ላየ ሰው ደስ ይላል። ሳሙናው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል፤ የናሱ ሚዛን ጠዋት ጠዋት ስለሚወለወል ፊት ያሳያል። አዛውንቱ ሠላሳ ዓመት ሲመዝኑ አንድ ጊዜ እንኳ አጉድለዋል የሚል ሰው የለም። ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ?"

"ደህና፣ ይመስገን። ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ዐመድ መሰለ? ሕፃኗ ደህና አይደለችም?"

"እስካሁን ደህና ናት" አለች እናቲቱ፤ 'እስካሁን' የሚለውን ቃል ግን እንደ ድንጋይ ጣለችው። "ጋሼ፣ ይቺ ላም ለምን ዞረች?"

አዛውንቱ ጣሳውን ከዓይናቸው አራቁ፤ ከዚያ አስጠጉ።

"እውነትም ዞራለች! እንግዲህ ላም አይደለች? ስድስት ወር ወደ አንድ ወገን ስታይ አንገቷን አሟት ይሆናል።"

ቀለሟ ሳቋ አመለጣት፤ እናቲቱ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ጋሼ ሚዛን ይህን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት።

"ይቅርታ ልጄ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ይቺን ካርቶን ያመጣው አዲስ ሾፌር ነው። የድሮው ታሟል አሉ። አዲሱ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አያውቅም፤ ዕቃውን ዘርግፎ ሄደ። ከዚያ ካርቶን የወጣችው ያንቺ ጣሳ ብቻ ናት። ግድ የለም፣ እለውጥልሻለሁ።" ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ጣሳ አወረዱ። ላሚቱ ወደ ቀኝ ታያለች። "ይቺውልሽ የምታውቂያት። እሷን ያመጣልኝ ሌላ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ልጅ። አባቴ ይለኛል። ጉልበትዎ እንዴት ነው ሳይል ዕቃ አያወርድም።"

እናቲቱ ጣሳውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። እፎይ ልትል አንድ ትንፋሽ ቀርቷት ነበር።

"እትዬ፣ እንዳትከፍቺው" አለች ቀለሟ።

"ምነው?"

"ሁለቱም እስኪጣሩ ድረስ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺኛዋ እውነተኛ መሆኗን በምን አወቁ?"

"በምን አወቁ!" ጋሼ ሚዛን ጣሳውን ተቀብለው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። "ሰማሽ? ደረቅ ነው፤ ዱቄቱ አልጓጎለም። ክዳኑን በጥፍሬ ስመታው ድምፁን አውቀዋለሁ። ክብደቱን እጄ ያውቀዋል። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ዕቃ ስነካ ነው የኖርኩት።"

"እጅዎን አልተጠራጠርኩም። ግን አጭበርባሪ ሰው እኮ ጣሳውን እንዲህ እንዲጮህ፣ እንዲህ እንዲመዝን አድርጎ ነው የሚሞላው። የሚያታልለው እንደ እርስዎ ያለውን አዋቂ ነውና።"

"እሺ፣ እጄ ይቅር። ይሄስ?" በድል አድራጊነት ጥቁርና ነጩን መስመር አሳዩ። "ባርኮድ! ይሄን ዘመናዊ ነገር የማላውቅ መሰለሽ?" ማጉያ መነጽራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን አቆሙና ከመስመሮቹ ሥር ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበቡ። "ስድስት፣ ስድስት። ዜሮ፣ ዜሮ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ..." እስከ መጨረሻው አንድ ነው። "ይኸው! አንዷ እውነተኛ ከሆነች ሌላዋም እውነተኛ ናት። ነገር አለቀ!"

እናቲቱም ነገሩ ያለቀ መሰላት። እሷም እስከዛሬ ዕቃ ስትገዛ ያ መስመር መኖሩን አይታ ነበር ልቧ የሚረጋው። ስንቶቻችንስ እንደሷ አይደለን? መስመሩን እናያለን፣ ምን እንደሚል ግን አንጠይቅም።

"ጋሼ" አለች ቀለሟ ቀስ ብላ፣ "ይሄ መስመር የሚለው 'እኔ የዚህ ፋብሪካ ባለ አንድ ኪሎ ወተት ነኝ' ብቻ ነው። ከፋብሪካው የሚወጡት ጣሳዎች ሁሉ ይሄንኑ አንድ መስመር ነው የሚለብሱት። እንደ አባት ስም ያዩት፤ ወንድማማች ሁሉ አንድ የአባት ስም አለው። ሰው መጥቶ የእገሌ ልጅ ነኝ ቢልዎት በአባት ስሙ ብቻ ያምኑታል?"

"አላምንም። የራሱን ስም እጠይቀዋለሁ። ከዚያ አባቱን ጠርቼ ልጅህ ነው ወይ እላለሁ።"

"የጣሳው የራሱ ስም ደግሞ እርስዎ በቢላዋ ከሚፍቁት ብርማ ቅብ ሥር ነው ያለው።"

ጋሼ ሚዛን ቢላዋቸውን አዩት፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ የረገፈውን ብርማ ዱቄት አዩት።

"ሎተሪ አይደለም?"

"አይደለም። እያንዳንዱ ጣሳ ሌላው የሌለው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ማንም እንዳያየው ተሸፍኗል። ገዢው ራሱ ፍቆ ቁጥሩን በስልኩ መልእክት ሲልክ ፋብሪካው መዝገቡን አይቶ ይመልስለታል። ያልሰጠው ቁጥር ከሆነ አላውቀውም ይላል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆበት ከሆነም ይናገራል። ለመላኩ ምንም አይከፈልበትም።"

"እኔ እኮ" አሉ አዛውንቱ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ "ልጆች እየመጡ በጥፍራቸው እየቧጠጡ ጣሳውን አዥጎረጎሩብኝ። እንደ ቁስል ቅርፊት አስጠላኝ። ንጹሕ ዕቃ ልስጥ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ ጋሼ። በንጹሕ ልብ ያደረጉት ነው።"

እናቲቱ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። "ታዲያ የኔ ጣሳ ተፍቋል! ቁጥሩም በቢላዋው አብሮ ተልጧል፤ የቀረው ዜሮና አምስት ብቻ ነው። አሁን በምን እናውቃለን? ልጄ የጠጣችው መርዝ ቢሆንስ?"

"ካርቶኑ አለ አይደል?" አለች ቀለሟ። "ጋሼ፣ ሁለቱንም ካርቶኖች ያምጧቸው።"

ከጓዳ ሁለት ካርቶን ወጣ። ወደ ግራ የምታየው ላም ካለችበት አንድ ጣሳ ብቻ ጎድሏል፤ ቦታው እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። ቀለሟ ስልኳን ስታወጣ ጋሼ ሚዛን እጃቸውን አነሱ።

"በኔ ስልክ ይሁን። ያንቺን ዘመናዊ ስልክ አላውቀውም፤ የፈለግሽውን ሊያስወራልሽ ይችላል።"

የሳቸው ስልክ ቁልፎቿ የደበዘዙ፣ በላስቲክ የታሰረች ናት። "በእርሷም ይሠራል" አለች ቀለሟ። "እንዲህ ያለ ነገር ውድ ስልክ ላለው ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?"

ከባዶው ቦታ በግራና በቀኝ ያሉትን ጣሳዎች አወጡ። እናቲቱ ራሷ በሳንቲም ፋቀች። የአንዱ ቁጥር መጨረሻ ዜሮ አራት፣ የሌላው ዜሮ ስድስት ሆነ፤ ቀሪው ሁሉ አንድ ነው።

"መሐል ያለችው ያንቺዋ ናት" አለች ቀለሟ። "በተከታታይ ነው የሚታሸጉት። ሙሉ ቁጥሩን አገኘነው።"

ጋሼ ሚዛን ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው እያንዳንዱን ቁጥር ተጫኑ፤ ላኩ። ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ነጠላውን ትጎትታለች። የጋሼ ሚዛን ስልክ ጢጥ አለ። አዛውንቱ በማጉያው አነበቡ፦

"ይህ ጣሳ የእኛ ነው። ቁጥሩ ሲጠየቅ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። የጣሳችንን ሥዕል በዚህ ወር ስለለወጥን ላሟ ወደ ግራ ብትዞር እንዳይደናገጡ።"

እናቲቱ በሳሙናው ሣጥን ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ሳቀች፤ ደግሞ አለቀሰች። "እንዳይደናገጡ ይላሉ እንዴ! ግማሽ ዕድሜዬን ከጨረስኩ በኋላ!"

"በሉ እንግዲህ" አሉ ጋሼ ሚዛን፣ ደረታቸውን ነፍተው። "ያ ሰላምታ የማያውቀው ልጅ ያመጣት ደህና ከሆነች፣ የኔው ጨዋ ያመጣት ላም ደግሞ ትጠየቅ። ያኔ ምሳሽን ሄደሽ ትበያለሽ።"

ከሁለተኛው ካርቶን አንድ ያልተፋቀ ጣሳ አወጡ፤ ፋቁ፤ ላኩ። ስልኩ ቶሎ ጢጥ አለ። አዛውንቱ አነበቡ፤ መነጽሩን ጠርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ስልኩን ለቀለሟ ሰጧት።

"'ይህ ቁጥር ከዚህ በፊት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት ጊዜ ተጠይቋል'" አነበበች። "'እባክዎ ዕቃውን አይጠቀሙ።'"

"ተሳስቶ ነው" አሉ ጋሼ ሚዛን። ሌላ ጣሳ ፋቁ። ያው ቁጥር። ሌላ። ያው ቁጥር። አምስተኛውን ሲፍቁ እጃቸው ዘገየ። "ሁሉም አንድ ስም! አሥራ ሁለት ልጅ ወልዶ ሁሉንም ባንድ ስም የሚጠራ አባት የት አለ?"

እናቲቱ ደረቷ ላይ አቅፋው የነበረውን ጣሳ፣ ያንን የምታውቀውን፣ ያንን ያመነችውን፣ ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ስትፈራ የነበረችው ደህናውን ነበር፤ እፎይ ልትልበት የነበረው ደግሞ ሐሰተኛውን። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅም፣ ሁልጊዜ የሚጠረጥር ልብም እኩል ተሳስተዋል። ሁለቱም የለመዱትን መልክ ነበርና የሚያዩት።

"ከዚህ ካርቶን የሸጡት አለ?" አለች ቀለሟ።

አዛውንቱ ብድግ አሉ። "ሦስት ወጥቷል። ሁለቱ እዚሁ ናቸው፤ አንዷ ስትገቡ ስፍቃት የነበረችው፣ ሌላዋ ይቺ። አንዱን ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ወስዷል። የልጅ ልጁ መጥታለች፣ አራት ወሯ ነው።" ኮፍያቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ሱቁን ጠብቂልኝ። ስልክ አያነሳም፤ እጁ ሊጥ ነው። እኔው እሄዳለሁ።"

"ጉልበትዎስ?" አለች ቀለሟ።

"የጉልበቴን ነገር አታንሺብኝ!" ብለው ወጡ። እንደዚያ ሲራመዱ ያያቸው ሰው አልነበረም።

እናቲቱ ባንኮኒው ኋላ ቆመች። በሐሳቧ ዳቦ ጋጋሪው ቤት ደርሳ የልጅ ልጁ ስትጠጣ አየች። ቀለሟ ሐሳቧን አወቀችባትና "ቆይ፣ የራስሽን አጠጫት፤ ተርባለች" አለቻት። እናቲቱ ከፔርሙሱ ውሃ፣ ከጣሳዋ ዱቄት በጡጦው በጠበጠች። ሕፃኗ ቅድም የተነጠቀችውን ያህል ጨምራ ጠጣች።

"ግን" አለች እናቲቱ፣ ልጇን እያየች፣ "ባዶ ጣሳ ከቆሻሻ ለቅመው ሌላ ነገር ቢሞሉበትስ?"

"ቁጥሩ አንድ ጊዜ ተጠይቋላ። ያጋልጣቸዋል።"

"ገዢው ሳይጠይቅ ከጣለውስ?"

ቀለሟ የተከፈተውን ጣሳ አገላበጠች። "እሱ... እሱ ይቻላቸዋል። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው መጠየቅ ያለበት።"

"ኔትወርክ ቢጠፋስ? ማንበብ የማይችል ሰው ቢሆንስ? ሐሰተኞቹ የራሳቸውን የመላኪያ ቁጥር አትመው፣ መልሱን ራሳቸው ቢመልሱስ?"

ቀለሟ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። "እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ልጻፈው። መሥሪያ ቤታችን ስድስት ሰው ተቀምጦ ይሄን አላሰበም።"

ሰውነቷን እንደ ጭነት ሲያጎብጣት የኖረው ስጋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ጋሼ ሚዛን ግማሽ ሰዓት ቆይተው ተመለሱ። ኮፍያቸው ዱቄት ለብሷል፤ በአንድ እጃቸው ትኩስ ዳቦ፣ በሌላው ያልተከፈተ ጣሳ ይዘዋል። "የልጅቱ እናት እስክትነቃ ብለው አስቀምጠውት ነበር!" አሉ፣ ከበሩ ጀምረው። እናቲቱ እልል አለች። ሦስቱም ዳቦውን ቆርሰው በሉ፤ የቀለሟም ምሳ እሱ ሆነ።

"አሁን ግን እኔም የምለው አለኝ" አሉ አዛውንቱ፣ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው እየሰበሰቡ። "ተሳስቻለሁ፣ አልክድም። ግን አንቺ ልጅ፣ ይሄን ብርማ ነገር ስትለጥፉ ምንነቱን የት ጻፋችሁ?"

"ተጽፏል ጋሼ። እዚህ።"

ማጉያውን ሰጧት። ጽሑፉ የጉንዳን እግር ያክላል።

"ለጉንዳን ነው የጻፋችሁት ወይስ ለኔ? ሰው ያልነገሩትን ነገር ሲፍቅ አትፍረጂበት።"

"እውነትዎን ነው" አለች ቀለሟ፣ ፊቷ ቀልቶ። "ነገ ራሴ አለቃዬ ጋ እገባለሁ። ጽሑፉ ይጎላል። 'ገዢው ብቻ ይፋቀው' ይባላል። የመላኪያው ቁጥር በጣሳው ላይ ብቻ ሳይሆን በየሱቁ ግድግዳ ላይ በምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማኅተም ይለጠፋል፤ ያኔ ማንም የራሱን አያስገባም። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ደውሎ በድምፅ የሚሰማበት ይኑር እላለሁ። ይሄ የእትዬ ቢሆንስ ሐሳብ ነው።"

ጋሼ ሚዛን ቢላዋቸውን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩ። "እኔም ከዛሬ ጀምሮ አልፍቅም። ሳንቲም በክር አስሬ እዚህ ባንኮኒው ላይ አንጠለጥላለሁ። የገዛ ሰው ዐይኔ እያየ ራሱ ፍቆ፣ ጠይቆ ይውጣ። ስልክ የሌለው በኔ ይላክ። ሐሰት ከሆነ እዚሁ ይቀራል እንጂ ከሕፃን አፍ አይደርስም።"

"እናት ሌሊቱን አትባንንም" አለች እናቲቱ።

"እኔም ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩት ስም በአንድ ካርቶን አይጠፋም። ደህናውን የሚሠራው ፋብሪካም በሌላ ሰው ወንጀል አይታማም። ሰላምታ የማያውቀውን ሾፌርም እኮ በከንቱ ነው ያማሁት! ሲመጣ ዳቦ እጋብዘዋለሁ።"

ይህን እያሉ ስልካቸው ጮኸ። አዛውንቱ አይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ያ ጨዋ ነጋዴ ነበር። ድምፁ ለሁሉም ይሰማል፦ "አባቴ! ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ጉልበቴ ደህና ነው ልጄ። የአሥራ ሁለቱ ጣሳዎችህ ስም ነው ግራ ያጋባኝ። ሁሉንም ባንድ ስም አጠመቅሃቸው?"

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

"ደህና ይሁኑም አላለኝ" አሉ ጋሼ ሚዛን። "ጨዋነቱ እስከዚያ ነበር።" ሁለቱ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አዛውንቱም ሳቁ፤ ግን ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ትንሽ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ሰው ስለ ጉልበቱ የሚጠይቀው ሲያጣ ቀላል አይደለም።

ቀለሟ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደወለች። በጠዋት መጥተን እንወስዳለን፣ ካርቶኑን ማንም እንዳይነካው አሏት። የነጋዴውንም ስልክ መዘገቡ። ጣሳዎቹ ተቆጠሩ፤ ከዳቦ ጋጋሪው የተመለሰው ጭምር አሥራ ሁለቱም ተሟሉ። ካርቶኑን ጓዳ አስገብተው፣ ጋሼ ሚዛን በወፍራም እስክሪብቶ "ሐሰት" ብለው ጻፉበት።

ከሰዓት በኋላ የመጡ ደንበኞች ሁሉ የሳንቲሙን ነገር ተማሩ። አንዳንዱ ለመፋቅ ሲል ብቻ የማያስፈልገውን ሊገዛ ነበር። ቀለሟ ወደ ሥራዋ ሄዳ ሲመሽ ተመለሰች፤ አለቃዋ "ያቺን ሴት ይዘሻት ነይ" ብሏል። እናቲቱ ይህን ስትሰማ "ምን አጠፋሁ?" አለች።

"ምንም። ጥያቄ እንድትጠይቂያቸው ነው የፈለጉሽ።"

መንገዱ ላይ አምፖሎች መብራት ጀምረዋል። ጋሼ ሚዛን ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ የሱቁን የብረት በር ጎትተው ዘጉ። እናቲቱ ሕፃኗን በጀርባዋ አስተኝታ አጠገባቸው ቆማለች።

"ሌሊት መጥተው ካርቶኑን ቢሰርቁትስ?" አለች።

አዛውንቱ ሊስቁ አሉና ተዉት። "ጥሩ ጠየቅሽ" አሉ፤ ከኪሳቸው ሁለተኛ ቁልፍ አወጡና ከመጀመሪያው በታች ቆለፉት።